አምላክን እንደ እንግዳ መቀበል፦ ጸሎት በሂንዱዎች ሕይወት

ሕንድ አገር የሂንዱ ቤተሰብ ቤት ከገባችሁ የጸሎቱን ቦታ ለማግኘት አትቸገሩም። ቤቱ ሰፊ ከሆነ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶታል። ሙምባይ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩት ደግሞ ማድቤቱ ጥግ ያለች መደርደሪያ ትበቃለች። ትንንሽ የነሐስ ምስሎች አሉ። ፍሬም ውስጥ የገባ ሥዕል አለ። የዘይት ኩራዝ፣ ሰንደል፣ አበባ፣ በንጹሕ ዕቃ የተቀዳ ውሃ፣ አንዲት ትንሽ ቃጭል። ጠዋት ገላቸውን ታጥበው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ብዙ ጊዜም ቁርስ ሳይቀምሱ እዚያ ፊት ይቆማሉ።

የሂንዱ ጸሎት እምብርት ይህ ቦታ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስቦ የመጸለይ ግዴታ የለም። ቤተ መቅደስ መሄድ ትልቅ በረከት ነው። ቢሆንም ዕድሜውን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ብቻ የጸለየን ሰው "ሃይማኖቱን አጎደለ" የሚለው የለም። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ሕንድ ውስጥ ብቻ 966 ሚሊዮን ገደማ ሂንዱዎች ነበሩ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚገዛ አንድ የጸሎት መጽሐፍ፣ አንድ የበላይ ካህን የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ብዙኃኑ የሚያደርገውን ነው። ከዚህ ወጣ የሚል ሁልጊዜ ይኖራል።

ታዲያ እዚያ ቆመው ምን ያደርጋሉ? ለምንስ?

ጸሎት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን መለመን ወይም ማመስገን ነው። ሂንዱዎች ዘንድ ሁለቱም አሉ። ከሁለቱ የሚቀድም ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱን ካልያዝን ሌላው ሁሉ ግራ ያጋባናል። መቀበል ነው። አምላክን ቤት እንደመጣ ክቡር እንግዳ መቀበል።

የዕለት ጸሎታቸው ፑጃ ይባላል። የተሟላው ፑጃ 16 ደረጃ አለው። ዝርዝሩ ከአካባቢ አካባቢ ትንሽ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። መጀመሪያ አምላክ ይጠራል፤ ና፣ ግባ ይባላል። መቀመጫ ይዘጋጅለታል። የእግር ውሃ ይቀርብለታል። ከዚያ የእጅ ውሃ፣ ቀጥሎም የሚጎነጨው ውሃ። ምስሉ ገላውን ይታጠባል፤ በትልልቅ በዓላት በወተት፣ በእርጎ፣ በማርና በንጥር ቅቤ ጭምር። ልብስ ይለብሳል። የሰንደል እንጨት በውሃ ተለውሶ ግንባሩ ላይ ይቀባል። አበባ ይደረግለታል። ይታጠናል። መብራት ይበራለታል። ምግብ ይቀርብለታል። በመጨረሻም እጅ ተነስቶ ይሸኛል። የእንግዳ እግር ማጠብ እናቶቻችን የሚያውቁት ወግ ስለሆነ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እሩቅ አይመስለኝም።

ለሥራ የሚጣደፍ ሰው 16ቱንም አያደርግም። አምስቱ ይበቃሉ፤ የሰንደል ቅባቱ፣ አበባው፣ ዕጣኑ፣ መብራቱና ምግቡ። ከዚህም ያነሰ ይቻላል። ብሃጋቫድ ጊታ በተባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ላይ አምላካቸው ክሪሽና ቅጠልም ሆነ አበባ፣ ፍሬም ሆነ ውሃ፣ በፍቅር ያቀረበልኝን እቀበለዋለሁ ይላል። ምንም የሌለው ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዞ ሳይሸማቀቅ የሚቆመው ይህን ቃል ይዞ ነው።

ምግቡ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ለኔ የሂንዱ ጸሎት ከሁሉም በላይ ግልጽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለአምላክ የምታበስል ሴት ጨው በዛ፣ አነሰ ብላ አትቀምስም። እጇ የለመደውን አምና ታወጣዋለች። ቀድሞ የሚቀምሰው እንግዳው ነዋ! ሩዙ፣ ሙዙ፣ ጣፋጩ በንጹሕ ሳህን ሆኖ ምስሉ ፊት ይቀመጣል። ውሃ ዙሪያውን ይረጫል። ጸሎቱ ይደረሳል። ጥቂት ቆይቶ ሳህኑ ይነሳና ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱ፣ ለመጣ ሁሉ ይታደላል። አሁን ስሙ ፕራሳድ ሆኗል። በዓይን ሲታይ ያው ሙዝ ነው። ለእነሱ ግን ከአምላክ ማዕድ የተረፈ ነው።

ይህ "የተረፈ" የሚለው ነገር በሕንድ ባህል ውስጥ ከባድ ነው። ሌላ ሰው አፉን ያሳረፈበት ምግብ እንደ ርኩስ ይታያል፤ በድሮው ሥርዓት የማን ትራፊ ለማን ይሰጣል የሚለው የሰውን ደረጃ ለይቶ ያሳይ ነበር። የአምላክ ትራፊ ሲሆን ግን ሀብታሙም ድሃውም እጁን ዘርግቶ፣ አጎንብሶ ይቀበላል። አንዲት ቁራሽ እንኳን መሬት ላይ እንዳትወድቅ ይጠነቀቃል።

አምላክ ይርበዋል ወይ? ይህን ጥያቄ እነሱም ራሳቸው ሲጠይቁት ኖረዋል። አብዛኛው አማኝ የሚመልሰው በአጭሩ ነው፦ እሱ አይርበውም፤ መስጠት የሚያስፈልገው ለሰጪው ነው። ከመብላቱ በፊት "ይህ የኔ ብቻ አይደለም" ብሎ የሚያስቀምጥ ሰው በየቀኑ አንድ ነገር እየተማረ ነው። እኔ ደግሞ ሌላም ነገር ይታየኛል። እንግዳ ያለበት ቤት ይጠረጋል። እንግዳ ፊት ቤተሰብ አይጯጯህም። አምላክን ጠዋትና ማታ እንግዳ አድርጎ የሚቀበል ቤትም ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ ራሱን ያስተካክላል።

ፑጃው ሊያልቅ ሲል በንጥር ቅቤ የራሰ ክር ወይም ካምፎር የሚባለው ነጭ ነገር ሳህን ላይ ይለኮሳል። የቤቱ ሰው ነበልባሉን ምስሉ ፊት ያዞረዋል፤ በሌላ እጁ ቃጭሉን ይመታል። ሌሎቹ ይዘምራሉ። ከዚያ ሳህኑ ከሰው ሰው ይዞራል። እያንዳንዱ መዳፉን ነበልባሉ ላይ ያሳልፍና ዓይኑንና ግንባሩን ይዳስሳል። አራቲ የሚሉት ይህን ነው። ካምፎር ነዶ ሲያልቅ አመድ አይተውም። ስለዚህ ብዙዎች "የኔም ትዕቢት እንዲህ ይቃጠል" እያሉ ያዩታል። ይህንኑ በትልቁ ማየት የፈለገ ቫራናሲ ከተማ በጋንጀስ ወንዝ ዳር፣ ዳሻሽዋሜድ በሚባለው ደረጃ ላይ በየምሽቱ ሲደረግ ያገኘዋል። ካህናቱ ተሰልፈው ደርብ ደርብ ያለውን ከባድ መብራት እኩል ሲያዞሩ ሕዝቡ ደረጃውንና ጀልባውን ሞልቶ ይመለከታል።

መመልከት ያልኩት ነገር ራሱን የቻለ ጸሎት ነው። ዳርሻን ይሉታል። ደቡብ ሕንድ ውስጥ ቲሩማላ ተራራ ላይ ወዳለው የቬንካቴሽዋራ ቤተ መቅደስ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣል። ብዙው ለሰዓታት ተሰልፎ ምስሉ ፊት የሚቆመው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው፤ "ቀጥል፣ ቀጥል" እየተባለ ይገፋል። ለዚህ ሁሉ ልፋት ይህ ይበቃል? እነሱ ይበቃል ይላሉ። ምክንያቱም አይቶ ብቻ አይመለስም፤ ታይቶ ነው የሚመለሰው። አምላክም አየው። ቀራጺው ምስሉን ሲሠራ ዓይኑን መጨረሻ ላይ የሚከፍተው፣ ለዚያም ልዩ ሥርዓት የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንባቢ የሚያነሳው ጥያቄ ይመጣል። ይህ ለድንጋይና ለነሐስ መስገድ አይደለም ወይ? በኛ ሃይማኖቶች መልሱ የታወቀ ነው፤ እዚህ ልከራከርበት አልፈልግም። እነሱ ራሳቸው ምን እንደሚሉ ግን በትክክል ማወቅ ይገባናል። ከገበያ የተገዛ ምስል ለእነሱ ዕቃ ነው። አምላክ እንዲያድርበት በጸሎት ሲጠየቅ ነው የሚሰገድለት። ይህ በተለይ የሚታየው በጋኔሽ በዓል ነው። የዝሆን ራስ ያለው የጋኔሽ የሸክላ ምስል ቤት ይገባል፣ ሕይወት እንዲያድርበት ይጸለያል፣ ለአንድ ቀን ተኩል ወይም እስከ 10 ቀን ይስተናገዳል። ከዚያ ይሸኝና በከበሮና በዘፈን ተወስዶ ባሕር ወይም ወንዝ ውስጥ ይገባል። ሸክላው ይሟሟል። "በሚቀጥለው ዓመት ቶሎ ና" እያሉ ይመለሳሉ። ሸክላውን ራሱን አምላክ ያሉ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አድርገው አያሰናብቱትም ነበር። ምስል ጨርሶ የማይቀበሉ ሂንዱዎችም አሉ። በ1875 ዳያናንዳ ሳራስዋቲ የመሠረተው አርያ ሳማጅ የተባለው ማኅበር የሚጸልየው እሳት አንድዶ፣ ቅቤና እህል እየጨመረ፣ ቬዳ የሚባሉትን ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ቃል እያነበበ ነው።

ስንት አምላክ አላቸው የሚለውም አብሮ ይነሳል። ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ በተባለው ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ አንድ ሰው ጠቢቡን ያጅናቫልክያን ይኸንኑ ይጠይቀዋል። ጠቢቡ 3306 ይላል። "እሺ፤ ግን በእውነት ስንት ናቸው?" ሲለው 33 ይላል። ደግሞ ይጠይቀዋል፤ ስድስት። ደግሞ፤ ሦስት። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ተኩል፣ በመጨረሻ አንድ። ዛሬም ብዙው ሂንዱ በዚህ መሰላል ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲመላለስ ምንም አይቸግረው። አምላክ አንድ ነው ይላችኋል፤ ቤቱ ውስጥ ግን አምስት ምስል አለ። ለራሱ የመረጠው፣ ልቡ የሚያዘነብልበት አንዱ ነው። ባል ለሺቫ፣ ሚስት ለክሪሽና፣ ልጅ ለሃኑማን ሊጸልዩ ይችላሉ፤ በአንድ መደርደሪያ ፊት።

ወደ ልመናው እንምጣ። ተማሪ ከፈተና በፊት የእውቀት አምላክ የሆነችውን ሳራስዋቲን ይለምናል። ነጋዴ ሱቁን ሲከፍት ለሀብት አምላኳ ለላክሽሚ ሰንደል ያጨሳል። በናቫራትሪ በዓል ማብቂያ ላይ መካኒኩ መፍቻውን፣ ሹፌሩ የጭነት መኪናውን፣ የቢሮ ሠራተኛው ኮምፒዩተሩን አጥቦና ወልውሎ በአበባና በቀይ ዱቄት ያስጌጣል፤ እንጀራ የሚያበላው መሣሪያም ይጸለይለታል። ስለትም አለ። ልጄ ከዳነ፣ ሥራ ካገኘሁ ብሎ የተሳለ ሰው ቲሩማላ ሄዶ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ ይላጫል። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይባል በየቀኑ ብዙ ሺህ ሰው ይላጫል።

እንዲህ ያለውን ልመና ዝቅ አድርገው የሚያዩ ምሁራን አሉ። መጽሐፉ ግን ለለማኙ ይራራል። በጊታ ላይ ክሪሽና ወደሱ የሚመጡትን ሰዎች አራት ናቸው ይላል፤ የተጨነቀ፣ ሀብት የሚፈልግ፣ ማወቅ የሚፈልግና የገባው። ብልጫውን ለአራተኛው ይሰጣል። ሆኖም አራቱንም መልካም ሰዎች ይላቸዋል። በሥራ ማጣት ተጨንቆ የመጣ ሰው በሩ አይዘጋበትም ማለት ነው። ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ምንም ቁሳዊ ነገር የማይጠይቅ ጸሎትም አለ። ከሁሉም የታወቀው ጋያትሪ ነው። ሪግ ቬዳ ውስጥ ያለ፣ ከሦስት ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ የሚሰጠው የ24 ፊደል ጸሎት ነው። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ፣ በእሷ ለሚታየው ብርሃን ይቀርባል። የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አእምሯችንን እንዲያነቃቃና እንዲመራ። ገንዘብ፣ ጤና፣ ድል አይልም። "አእምሮዬን" ሳይሆን "አእምሯችንን" ማለቱንም ልብ በሉ። ለብቻው ወንዝ ውስጥ ቆሞ የሚደግመው ሰው እንኳን ለሁሉም ነው የሚለምነው።

ስም መድገምም የተለመደ ነው። መቁጠሪያቸው 108 ፍሬ አለው፤ ከነዚያ ውጪ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ፍሬ አለ። ፍሬዎቹ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ይሳባሉ፤ ጠቋሚ ጣት አይነካቸውም። ትልቁ ፍሬ ጋ ሲደረስ አይታለፍም፤ ዞሮ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ጣት ሥራ ሲይዝ ሐሳብ መባዘኑን ይቀንሳል ይላሉ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሆስፒታል ወረፋ ላይ እጃቸውን ትንሽ ከረጢት ውስጥ ከተው በከንፈራቸው የሚያንሾካሹኩ እናቶች የሚያደርጉት ይህን ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ካርማ የሚባለው ትምህርት የዘራኸውን ታጭዳለህ ይላል፤ በዚህ ሕይወት ካልሆነ በሚቀጥለው። ሁሉም ነገር የሥራዬ ውጤት ከሆነ መጸለይ ምን ይረባኛል? አንድ ዓይነት መልስ የለም። አንዳንዱ ጸሎትም ሥራ ነው፣ ፍሬ አለው ይላል። ሌላው የመጣብኝ መከራ አይቀርልኝም፣ የምሸከምበትን ጉልበት ግን እለምናለሁ ይላል። ሦስተኞቹ የአምላክ ምሕረት ከካርማ ይበልጣል ብለው ያምናሉ። ራማኑጃ የተባለው የደቡብ ሕንድ ሊቅ ተከታዮች እዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለዋል፤ ክርክራቸውም በጣም ደስ የሚል ነው። አንደኛው ወገን ነፍስ እንደ ጦጣ ግልገል ናት ይላል። እናቷ ትሸከማታለች፤ ግልገሏ ግን አጥብቃ መያዝ አለባት። ሌላኛው ወገን እንደ ድመት ግልገል ናት ይላል። እናቷ ማጅራቷን ነክሳ ስታነሳት ግልገሏ ምንም አታደርግም። ለመጀመሪያዎቹ ጸሎት መያዝ ነው። ለሁለተኞቹ መለቀቅ።

የሌላው ሊቅ የሻንካራ ወገኖች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረው ይህ ሊቅ በመጨረሻው እውነት ነፍስና አምላክ አንድ ናቸው ብሎ አስተምሯል። አንድ ከሆኑ ማን ለማን ይጸልያል? የእነሱ መልስ ጸሎት ልብን ያጠራል፣ ለእውቀቱ ያዘጋጃል የሚል ነው። መንገድ ላይ እስካለህ ድረስ ጸልይ ነው ነገሩ። እዚህም ያ ፕራሳድ ይመለሳል። ብዙ የዚህ ትምህርት መምህራን የሥራህን ውጤት ጥሩም ይሁን መጥፎ ከአምላክ እጅ እንደተሰጠህ ፕራሳድ አድርገህ ተቀበለው ይላሉ። ጠዋት ሙዙን በሁለት እጁ መቀበል የለመደ ሰው ማታ መጥፎ ዜና ሲመጣበት መቀበሉ ይቀለዋል የሚል ተስፋ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉን በዝምታ መዋጥ አይደለም። እንግዳው ቤተኛ ሲሆን ወሬውም ይከፈታል፤ ጭቅጭቅም አለ። የታሚል ቅዱስ ሱንዳራር ሺቫን እንደ ጓደኛ ያወራው ነበር፤ ሲናደድም ይሰድበዋል። ለዚህ ነገሩ ተቆጪው አገልጋይ የሚል ስም ወጥቶለታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማሃራሽትራ ውስጥ የኖረው ቱካራም ረሳኸኝ እያለ አምላኩን ቪቶባን ይሞግታል። ልዕልቷ ሚራባይ ባሌ ክሪሽና ነው ብላ ከቤተ መንግሥት ወግ ወጥታለች። እናቶች ሕፃኑን ክሪሽናን በትንሽ ዥዋዥዌ አስቀምጠው እሹሩሩ ይላሉ። ፍርሃት ብቻ ያለበት ጸሎት እንዲህ አይፈቅድም።

ስለ ጸሎት ስንጽፍ ማን እንዳይጸልይ ተከልክሎ ነበር የሚለውን ማለፍ አልችልም። ጋያትሪን መድገም ለብዙ ዘመን የላይኞቹ ዘር ወንዶች ብቻ መብት ነበር። በዘር ደረጃው ከሁሉም በታች የተደረጉት፣ ዳሊት የሚባሉት ወገኖች ደግሞ ቤተ መቅደስ አይገቡም ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቾካሜላ የተባለ፣ ከዳሊቶቹ አንዱ ከሆነው ከማሃር ወገን የመጣ ገጣሚ ፓንዳርፑር ከተማ ቪቶባን ከቤተ መቅደሱ ውጭ ሆኖ ሲያመልክ ኖረ። መታሰቢያው ዛሬም ያለው እዚያው የቤተ መቅደሱ ደረጃ ሥር ነው። ኬራላ ውስጥ በቫይኮም ቤተ መቅደስ ዙሪያ ባሉት መንገዶች ላይ ለመራመድ ብቻ በ1924 ትልቅ ትግል ተደርጓል። በዚያው አካባቢ የነበረው የትራቫንኮር ግዛት ንጉሥ ቤተ መቅደሶቹን ለሁሉም ሂንዱ የከፈተው በኅዳር 1936 ነው። ሕጉ ዛሬ ግልጽ ነው፤ በየመንደሩ ግን በሩ ላይ የሚቆሙ አሁንም አሉ። አምላክን እንግዳ አድርጎ የሚቀበል ሃይማኖት ሰውን ደጅ ማስቀረቱ ከውስጥም ከውጭም ሲያስወቅሰው ኖሯል፤ ተገቢ ወቀሳ ነው።

ጋንዲ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ደክሟል። የማታ ጸሎቱን ሜዳ ላይ፣ ሁሉ ባለበት ያደርግ ነበር። ከጊታ ጋር ከቁርኣንም ይነበብ ነበር፤ የክርስቲያን መዝሙርም ይዘመር ነበር። ጸሎት መለመን አይደለም፣ የነፍስ ናፍቆት ነው፣ ድክመትን በየቀኑ ማመን ነው ብሎ ጽፏል። ጥር 30 ቀን 1948 ዴልሂ ላይ የተገደለው ወደዚሁ የማታ ጸሎት ሲሄድ ነበር።

ዱባይ፣ አቡ ዳቢ ወይም አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ሁሉ በቅርብ ታዩታላችሁ። አቡ ዳቢ ውስጥ በየካቲት 2024 ትልቅ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ተመርቋል። ጎረቤት ወይም አሠሪ ለፑጃ ከጠራችሁ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እግር ወደ ምስሉ አይዘረጋም። ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል፤ ስገዱ ብሎ የሚያስገድድ አይኖርም። ፕራሳድ በቀኝ እጅ ነው የሚቀበሉት፣ ግራው ከሥር ይደግፋል። እምነታችሁ ይህን መብላት የማይፈቅድ ከሆነ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ በትሕትና ንገሯቸው። ዲዋሊ በሚባለው የመብራት በዓል የሚላከው የጣፋጭ ካርቶን ብዙ ጊዜ ከሱቅ የተገዛ ስጦታ ነው፤ አንዳንዴ ግን ከፑጃ የወጣ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ መጠየቁ አያስቀይማቸውም።